«ተመልሶ ይመጣል» የሚባለው የእጅ ኦፕራሲዮን

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እጇን እያራገፈች የምትገባ ሴት ካየሁ ቀጥሎ የምትለኝን አውቀዋለሁ። «ኦፕራሲዮን ብለውኛል፤ ግን ተመልሶ ይመጣል አሉ።» ማን ነው ያለው? ጎረቤት። ለጎረቤትስ ማን ነገረው? የሌላ ጎረቤት እህት።

በሽታው ካርፓል ተነል ሲንድረም ይባላል። የእጅ አንጓ ላይ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፉበታል። ጣሪያው ጠንካራ ጅማት ነው። ቦታው ሲጠብ ነርቩ ይጨነቃል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ኦፕራሲዮኑ ያንን ጣሪያ ቆርጦ ነርቩን ማስተንፈስ ነው።

ታካሚዎች የሚሉኝ ሌላም አለ። «ብርድ ነው፣ ወጌሻ ይሽልኝ።» የተጨነቀ ነርቭ በመታሸት አይለቀቅም።

«ኮምፒውተር ነው ያመጣብኝ።» ማስረጃው ደካማ ነው። ስኳር፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ውፍረት፣ ጉልበት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ይበልጥ ይጠረጠራሉ። እርግዝናም ያመጣዋል፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይተዋል።

«ጅማቱ ከተቆረጠ እጄ ይልፈሰፈሳል።» ለጥቂት ሳምንታት መጨበጥ ይደክማል። መዳፍን መሬት ላይ መደገፍም ያማል። ለብዙው ሰው በ3 እና በ6 ወር መካከል ያልፋል።

«በካሜራ ካልተሠራ አይዘልቅም።» በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መሥራት ቶሎ ወደ ሥራ ይመልስ ይሆናል። ከወራት በኋላ ግን ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው፤ «ይመለሳል»።

ታካሚዎችን ከአሥር ዓመት በላይ የተከታተሉ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ ታካሚዎች ያኔም በውጤቱ ደስተኞች ናቸው። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸው ከመቶ ጥቂት ናቸው። በእውነት የሚመለስባቸው የሉም አልልም፤ ጠባሳ ነርቩን መልሶ ሊይዘው ይችላል። ግን «ተመለሰብኝ» የሚለኝን ሰው አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሌሊት ደህና የተኛህበት ጊዜ ነበር? «ኧረ በፍጹም» ካለ ምኑ ተመለሰ? መጀመሪያውኑ አልሄደም። ወይ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ አልተቆረጠም። ወይ ችግሩ ከአንገት ወይም ከስኳር ነበር። ወይም፣ እኔ በብዛት የማየው ይህን ነው፣ ሰውየው የመጣው ነርቩ ካለቀ በኋላ ነው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ለዓመታት «እስኪብስ ልቻለው» ስትል ቆየች። ስትመጣ የአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። መርፌ ከጠረጴዛ ላይ አንሺ ስላት በዓይኗ ካልተከተለችው በጣቷ አታገኘውም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሌሊቱ ሕመም በቀናት ውስጥ ቆመ። ድንዛዜው ግን አለቀቃትም፤ ሥጋውም አልሞላም። አሁን ለሰፈሩ ሁሉ «አልሠራልኝም» የምትለው እሷ ናት! ድንዛዜው መጣ ሄድ ሲል የመጣች ሹሩባ ሠሪ ደግሞ ዛሬ ሙሉ ቀን ትሠራለች። እሷን ማንም አይጠይቃት።

የሚገርመኝ ደግሞ ኦፕራሲዮን «ይመለሳል» ብሎ የሚሸሽ ሰው የስቴሮይድ መርፌ ሲባል እሺ ማለቱ ነው። መርፌው ለወራት ያስታግሳል። ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ግን ከእሱ በኋላ ነው።

ስለዚህ ገና ከጀመራችሁ ማታ ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስራችሁ ተኙ። ድንዛዜው ቀኑን ሙሉ ከሆነ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታችሁ፣ ወይም የአውራ ጣት ሥር ከሟሸሸ ግን አትጠብቁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የነርቩ ማገገም እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ስለሚችል በሁለተኛው ወር ተስፋ አትቁረጡ። ጣቶቻችሁንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቀሳቅሱ። እጁን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወር ሙሉ ከርሞ የሚመጣ ሰው አለ። የደረቁትን ጣቶች ማፍታታት ከኦፕራሲዮኑ የባሰ ሥራ ነው፤ እሱም የሚያለቅሰው እኔ ላይ ነው።