«ስቱሌ ነፃ ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

ደሴ ላይ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ የምውል የላብራቶሪ ሰው ነኝ። «ስቱል ተመርምሬ ነፃ ነኝ፣ እንግዲህ አንጀቴ ደህና ነዋ!» የሚለውን መስማት ሰልችቶኛል።

አይደለም። እኛ ሰገራውን በጠብታ ሳላይን (የጨው ውሃ) በጥብጠን የምንፈልገው አሜባ፣ ጃርዲያና የትል እንቁላል ነው። «አልታየም» ብለን ስንጽፍ ተውሳክ አላየንም ማለታችን ነው። ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባሉት የአንጀት ሕመሞች ግን የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን ሲያቆስል የሚመጡ ናቸው፤ የሚታይ ተውሳክ የላቸውም። ቢበዛ ደምና የመግል ሴል እናያለን፤ እሱንም ጽፈን ስንሰጥ የሚያነበው የለም።

አንዲት የሐይቅ ከተማ ነጋዴ ዓመት ሙሉ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው አምስቴ የአሜባ መድኃኒቱን ፍላጂል ውጠዋል። ጠዋት የያዙትን ናሙና በክብሪት ቀፎ ይዘው ረፋድ ላይ ደረሱ። «አብሽሩ እናቴ፣ አሜባው ቢኖርም እስካሁን ሞቷል፤ እዚሁ ይስጡኝ» አልኳቸው። ትኩሱም ላይ አሜባ አልነበረም፤ የመግል ሴሉ ግን በማይክሮስኮፑ የሚታየውን ሜዳ ሞልቶታል። በኋላ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ሲሠራላቸው ኮላይቲስ ሆኖ ተገኘ።

የአንጀቱን ቁጣ፣ ማለትም መቆጣቱን፣ የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች የሚለቁት ፕሮቲን ነው። በአዋቂ ሰው ከ50 ማይክሮግራም በግራም በታች ከሆነ የአንጀት ቁጣ የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነው፤ ከ250 ካለፈ ሐኪሙ ኮሎኖስኮፒ ቢያዝ አይገርምም። ሁሉም ጤና ጣቢያ ግን አይሠራውም።

«ካልፕሮቴክቲን ከፍ ካለ ክሮንስ ነው» የሚሉም አሉ። ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያም፣ ለወገብ ሕመም የሚዋጠው ማስታገሻ ዲክሎፌናክም ከፍ ያደርጉታል። የአንጀት ቲቢ ደግሞ ቁርጥ ክሮንስን ይመስላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከአንጀት ተቆርጦ የሚመረመረው ናሙና ነው።

«ደም ካለ ኪንታሮት ነው»፦ ሳይታይ?

«በርበሬ ነው ያመጣብኝ»፦ በርበሬ ያቃጥላል እንጂ ኮላይቲስ አያመጣም።

«እንግዲያ ስቱል ምን ይሠራል?» ለሚለኝም፦ አሜባን ኮላይቲስ ነው ብሎ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመውን ስቴሮይድ የጀመረ ሰው አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ተውሳኩ አስቀድሞ ይፈለጋል።

ሌሊት ተቅማጥ የሚቀሰቅሳችሁ፣ ክብደታችሁ የቀነሰ፣ ስድስተኛውን ፍላጂል ከመግዛት ሐኪም ፊት ቅረቡ። የምትወስዱትን የሕመም ማስታገሻ ንገሩን። ናሙናው ሽንት ሳይነካው፣ በንጹሕ ዕቃ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይድረሰን። የክብሪት ቀፎውን ደግሞ ለክብሪቱ ተዉለት።