የሄፓታይተስ ቢ «ተሸካሚ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ልጁ ተሸካሚ ብቻ ነው፤ ጉበቱ ሲሮሲስ (ጠባሳ) እስካልያዘው ድረስ ካንሰር ብሎ ወላጅ ማስጨነቅ ምን ይባላል?» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ቫይረሱ በደሙ እያለ ሕመም ስለማይታይበት ልጅ፣ በሙሉ ልብ የጻፈው ነው። ወላጅ አይጨነቅ በሚለው እስማማለሁ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን ማለፍ አቃተኝ።

ተሸካሚ ሲባል የሚታየን ወዛደር ነው፦ ኩንታሉን ያደርሳል፣ ያራግፋል፣ ጀርባው ግን የራሱ ነው። ጉበት ውስጥ የሚኖረው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደባል እንጂ ኩንታል አይደለም። ለዚያውም ኮቴው ሳይሰማ ውሎ አድሮ የቤቱ ካርታ ላይ ስሙን የሚያስገባ ደባል። የዘረመሉን ቁራጭ በጉበት ሕዋስ ዘረመል መሃል ይሰካል። ስሙ ኅዳግ ላይ ከገባ ምንም ላይመጣ ይችላል፤ የሕዋሱን መራባት የሚገዛው አንቀጽ ላይ ካረፈ ግን ቤቱ ያለ ፈቃድ ፎቅ መጨመር ይጀምራል። ሲሮሲስ ሳይቀድም ካንሰር ሊነሳ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። (ሄፓታይተስ ሲ ካርታ አይነካም። ሁለቱን «የጉበት ቫይረስ» ብሎ መጨፍለቅ ሌላ ቀን የምናደድበት ነው።)

አንዲት እናት የልጇን የጉበት ኢንዛይም የደም ምርመራ ውጤት ይዛ መጣች፤ «ኖርማል» የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተከብቧል። ኢንዛይም የሚነግረን ደባሉ ዛሬ ዕቃ እየሰበረ መሆን አለመሆኑን ነው፤ ካርታ አያነብም። አልትራሳውንድና አልፋ ፌቶፕሮቲን (የጉበት ካንሰር ሲኖር ደም ውስጥ ከፍ ሊል የሚችል ፕሮቲን) የምናዘው ለዚህ ነው። ጨቅላ ላይ ግን አልፋ ፌቶፕሮቲን በተፈጥሮው ከፍ ያለ ነው፤ ቁጥሩን አይታችሁ እንዳትደነግጡ።

በልጅነት ይህ ካንሰር ብርቅ ነው። ቫይረሱ በተስፋፋባት ታይዋን እንኳ ከክትባት በፊት ከ6 እስከ 14 ዓመት ካሉ 100,000 ልጆች በዓመት የሚይዘው 0.7 ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ጨቅላዎችን መከተብ ጀመሩ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ወረደ። ቫይረሱ ባይኖር ቢያንስ የዚህ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ባልኖረ ነበር ማለት ነው። ከእናት በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ላይ ሥር ይሰዳል፤ አዋቂ ላይ ከ5 በመቶ በታች። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2007 የገባው፣ የሄፓታይተስ ቢንም የያዘው አምስት በአንድ ክትባት የሚጀምረው በ6 ሳምንት ነው። ደባሉ በወሊድ ቀን ከገባ ግን በሩ የሚዘጋው ዘግይቶ ነው፤ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እናትየዋ «ታዲያ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል፣ ዶክተር?» አለችኝ። ካርዱ ላይ «ተሸካሚ» የሚለውን ሰረዝኩና «ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም የአልትራሳውንዱን ቀጠሮ።