የቮልስዋገን አስቂኝ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች

የጀርመኑ ቮልስዋገን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያሳያቸው አስቂኝ ማስታወቂያዎች የቤተሰብ መኪናን በጨዋታ መሸጥ እንደሚቻል ካረጋገጡ ሥራዎች መካከል ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በይበልጥ የሚታወቁት በ1960ዎቹ ለ«ጥንዚዛዋ»፣ እኛ ቮልስ ለምንላት መኪና፣ የተሠሩት ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሠራቸው ድርጅት ዶይል ዴን በርንባክ፣ ባጭሩ ዲዲቢ ይባላል። ኔድ ዶይል፣ ማክስዌል ዴንና ቢል በርንባክ በ1949 ኒውዮርክ ውስጥ አቋቋሙት። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት ቮልሶች ሁለት ብቻ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኩባንያው የአሜሪካ ኃላፊ ካርል ሃን የማስታወቂያውን ሥራ ለዲዲቢ ሰጠ። ፈርዲናንድ ፖርሽ ለሂትለር «የሕዝብ መኪና» ዕቅድ የነደፋትን መኪና አይሁዳዊው በርንባክ ለአሜሪካውያን ሊያስተዋውቅ መነሣቱ ያኔም ሰው አስገርሟል።

የዘመኑ የአሜሪካ መኪና ረጅም፣ ከኋላው ክንፍ ያወጣ፣ በሚያብረቀርቅ ብረት የተሽቆጠቆጠ ነበር፤ መልኩም በየዓመቱ ይለዋወጣል። ቮልስ ድብልብል ያለች ናት፤ የዘንድሮዋን ከአምናዋ የሚለይ ሰው አይገኝም። ዲዲቢ ይህን ከመሸፋፈን ይልቅ ራሱን መሸጫ አደረገው። መጀመሪያ በመጽሔት ላይ አንዲት ደቃቃ መኪና በሰፊ ነጭ ገጽ ጥግ አስቀምጦ «ትንሽ አስብ» አለ። የጽሑፉ ባለቤት ጁሊያን ኬኒግ፣ የንድፉ ደግሞ ሄልሙት ክሮን ናቸው። አድቨርታይዚንግ ኤጅ የተባለው መጽሔት በ1999 ይህን ዘመቻ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ማስታወቂያዎች ሁሉ አንደኛ ብሎታል፤ ሲያንስበት ነው።

ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ቀልዱ ቀስ ብሎ የሚደርስ ሆነ። «በረዶ ጠራጊው» በሚባለው ማስታወቂያ ገና ሳይነጋ አንድ ሰው በረዶ በሞላው መንገድ ይነዳል። ለረጅም ጊዜ ማንም አይናገርም። ሰውየው አንድ መጋዘን ይደርስና ይወርዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ግዙፍ የበረዶ መጥረጊያ መኪና እያጓራ ይወጣል። ያኔ ነው አንባቢው ድምፅ፣ የበረዶ መጥረጊያውን የሚነዳው ሰው እዚያ ድረስ በምን እንደሚሄድ አስበው ያውቃሉ ወይ ብሎ የሚጠይቀው። ነገሩ ባዶ ጉራ አልነበረም። የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ መኪናዋን በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በሚያንሸራትት መንገድ መሬት ትቆነጥጣለች። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር በመሆኑም በውርጭ የሚረጋ የራዲያተር ውሃ የላትም።

ሌላው ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ነው። ሚስተር ጆንስና ሚስተር ክሬምፕለር እያንዳንዳቸው 3,000 ዶላር አላቸው። ጆንስ በሙሉ ገንዘቡ አንድ መኪና ይገዛል። ክሬምፕለር ቤት ግን ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፣ ሸክላ ማጫወቻ፣ ሁለት ቴሌቪዥን ይገባል፤ በላዩ ላይ አዲስ ቮልስ። ከጎረቤት አላንስ ባይነቱ ጣጣ የተረፈው ለጆንስ ነው።

የሮይ ግሬስና የጆን ኖብል ሥራ የሆነው የ1969ኙ «ቀብር» ከሁሉም ይበልጣል። ጥቁር ሊሞዚኖች ተሰልፈው ወደ መቃብር ሲያዘግሙ የሟቹ ባለጠጋ ድምፅ ኑዛዜውን ያነባል። ገንዘብ እንደ ውሃ ላፈሰሰችው ሚስቱ 100 ዶላርና አንድ የቀን መቁጠሪያ፤ ለአባካኝ ልጆቹ 50 ዶላር በሳንቲም፤ «አውጣ፣ አውጣ» ሲል ለኖረው ሸሪኩ ምንም፣ ምንም። ከሰልፉ ኋላ በቮልስ ሆኖ እያለቀሰ የሚከተለው ቆጣቢው የወንድም ልጅ ግን 100 ቢሊዮን ዶላሩን ጠቅልሎ ይወርሳል።

ሽያጩን ያሳደገው ማስታወቂያው ነው ወይስ መኪናዋ የሚለው ያከራክራል። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ቮልሶች ተሸጠዋል፤ ሆኖም ገበያው ከ1959 በፊትም እያደገ ነበር። ቀልዶቹ ለአሜሪካ ተመልካች የተሠሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለ እነርሱም ቮልስን ወዳታለች፣ ዛሬም የሞተሯ ድምፅ ከሩቅ ይለያል።

ከዚያ በኋላ ጎልፍና ሌሎች ሞዴሎች ተራቸውን ይዘዋል። የመጨረሻዋ የቀድሞ ቮልስ በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ስትመረት ጠቅላላ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

በ2011 ፓሳት ለተባለው የኩባንያው ሞዴል የተሠራው «ኃይሉ» ደግሞ ከአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ በፊት በዩቲዩብ ተለቅቆ በሚሊዮኖች ታየ። ስታር ዋርስ በተባለው ፊልም ያለውን ክፉ ገጸ ባሕርይ፣ የዳርዝ ቬደርን ልብስ የለበሰ ትንሽ ልጅ እጁን እየዘረጋ ውሻውን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ አሻንጉሊቱን በሐሳብ ኃይል ሊያንቀሳቅስ ይታገላል፤ አንዱም አይታዘዝለትም። አባቱ ከሥራ ሲገባ ሮጦ ይወጣና ደጅ በቆመችው መኪና ላይ እጁን ይዘረጋል። ሞተሩ ይነሣል። ልጁ ደንግጦ ወደኋላ ሲል፣ አባትየው በኩሽናው መስኮት በኩል የርቀት ቁልፉን እንደያዘ ለሚስቱ ቅንድቡን ከፍ ያደርግላታል።