የቪክቶሪያ ዘመን ገረድን በመዝገብ ውስጥ መፈለግ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝና በዌልስ ብዙ ሴቶች ይተዳደሩ የነበሩት በቤት ሠራተኝነት ነው። በ1891ዱ ቆጠራ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሴቶች በሰው ቤት ያገለግሉ ነበር። ዛሬ የዘር ሐረጉን የሚቆጥር እንግሊዛዊ ከቅድመ አያቶቹ መካከል አንዲት ገረድ ባያገኝ ነው የሚገርመው።

ስለ እሷ የተረፈው ወረቀት ግን አብዛኛው ሌሎች ሰዎች ለራሳቸው ጉዳይ የጻፉት ነው። ስለዚህ አንድ መዝገብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን የጻፈው ማን ነው?» የሚል ነው።

መነሻው የሕዝብ ቆጠራ ነው። በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ነበር። መዝገቦቹ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ቅጂያቸው ኢንተርኔት ላይ ስላለ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የ1841ዱ ብዙ አይናገርም። ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት በአምስት ያጠጋጋል፤ የ19 ዓመቷ ልጅ 15 ተብላ ልትገኝ ትችላለች። የትውልድ ቦታዋንም «በዚሁ ካውንቲ (አውራጃ) ነው ወይስ አይደለም» ከማለት አያልፍም። ከ1851 ጀምሮ ግን የተወለደችበት አጥቢያ ይጻፋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለንደን ውስጥ የጠፋችውን ልጅ ወደ ገጠር መንደሯ፣ ወደ ወላጆቿ ቤትና ወደ ተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሚመልሰው ይህ አንድ ቃል ነው።

ችግሩ ቅጹን የሚሞላው አባወራው መሆኑ ነው። የሠራተኛዋን የትውልድ ቦታ በግምት የጻፈ አለ፤ «አይታወቅም» ብሎ ያለፈም አለ። ስሟም ቢሆን አያስተማምንም። አንዳንድ ቤት አዲስ የመጣችውን ገረድ ሁሉ ሜሪ እያለ ይጠራ ነበር፣ የገዛ ስሟ ምንም ይሁን ምን። እነዚህ ልጆች ቤትም ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። በአንዱ ቆጠራ የተገኘችበት ቤት በሚቀጥለው ላይ ባትኖር ፈላጊው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ዕድሜዋንና የተወለደችበትን አጥቢያ ይዞ እንደገና ይፈልግ።

ከዚያ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይከተላል። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ እዚያ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። እንግሊዝ ውስጥ ግን የባሏን ስም ስለምትወስድ ይህ ወረቀት ካልተገኘ ክሩ እዚያው ይበጠሳል። የአባቷ ስምና ሥራ ይጻፍበታል። አድራሻዋ ብዙ ጊዜ የአሠሪዎቿ ቤት ነው። የእሷን ሥራ የሚጠይቀው ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ምድጃ ስታጸዳና ውኃ ስትሸከም የኖረች ሴት እንደ ሥራ ፈት ታልፋለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ሳታገባ ያረገዘች ገረድ ደግሞ ሥራዋንም ማደሪያዋንም በአንድ ቀን ታጣ ነበር። በልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባት ስም አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ብዙዎቹ የሚወልዱት «ወርክሃውስ» በተባለው የድሆች መጠለያ ነው። የመጠለያው የመግቢያና የመውጫ መዝገቦች ከተረፉ የሚገኙት በየካውንቲው ቤተ መዛግብት ነው።

ለንደን ውስጥ ሌላም በር ነበር፤ በ1739 የተቋቋመው ፋውንድሊንግ ሆስፒታል። ስሙ ሆስፒታል ይባል እንጂ የሕጻናት ማሳደጊያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ልጇን የምትሰጥ እናት ማመልከቻ ታስገባና ወንዶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ፊት ትቀርባለች። አባትየውን የት አገኘሽው? ሊያገባሽ ቃል ገብቶ ነበር? ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ጥያቄው ጭካኔ አለበት። ግን የመለሱት ስለተጻፈ፣ በሌላ ሰው እጅም ቢሆን፣ ቆጠራው የማያውቀውን ታሪካቸውን እናነባለን። እዚያ ያደጉት ሴቶች ልጆችም ሲደርሱ ብዙዎቹ ወደ ቤት ሠራተኝነት ይላኩ ነበር። እናት የወጣችበት በር ልጅን ያስገባታል።

የመኳንንት ቤቶች የደመወዝ ደብተር አንዳንድ ቦታ ተርፏል። በዌልስ ሬክስሃም አጠገብ ያለው ኤርዲግ የተባለው ቤት የሠራተኞቹን ምስል በቀለም፣ ኋላም በፎቶ አስነስቶ በግድግዳ ሰቅሏል። ይህ ብርቅ ነው። ብዙዎቹ ገረዶች ብቻቸውን ወይም ከአንዲት ጓደኛ ጋር በመካከለኛ ቤተሰብ ቤት የሚሠሩ ስለነበሩ የሳላቸው የለም።

በገዛ እጇ የጻፈች ግን አለች። ሃና ከልዊክ በ1833 በሽሮፕሸር ተወለደች፤ ገና በልጅነቷ ሥራ ገባች። በ1854 ከሕግ ባለሙያውና ገጣሚው አርተር መንቢ ጋር ተዋወቀች። በሥራ ያሳለፈችውን ቀን ጽፋ እንድትሰጠው የጠየቃት እሱ ነው፤ በ1873 በምስጢር ተጋቡ። ደብተሮቿ ዛሬ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ አሉ። ስንት ጫማ እንደቦረሸች፣ የትኛውን ምድጃ እንዳጸዳች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች ተጽፎባቸዋል። የቅድመ አያቱን ስም በቆጠራ አግኝቶ ቀኗ እንዴት እንደመሸ ማወቅ የፈለገ ሰው እነሱን ያንብብ።