«ቅይጥ አገልግሎት» ሲባል ምን ማለት ነው?

መሀል አዲስ አበባ ላይ አንድ ቦታ እንደ አዲስ ሊለማ ነው በተባለ ቁጥር «ቅይጥ አገልግሎት» የሚለው ቃል አብሮ ይመጣል። በቀደም አንድ ተንታኝ በራዲዮ «ታች ባንክ፣ መሀሉ ቢሮ፣ ላዩ ሆቴል፤ ይኸው ቅይጥ ነው» ሲል ሰማሁት። ትዕግስቴ አለቀ።

ወንድሜ፣ ይሄ ቅይጥ አይደለም። ጭማቂ ቤት ገብተህ ስፕሪስ አዝዘህ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አቮካዶ ቢቀዱልህ ዝም ብለህ ትጠጣለህ? ባንኩም ቢሮውም ጠዋት 2 ሰዓት ግድም ተከፍተው 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ሥራቸው ይለያይ እንጂ ሰዓታቸው አንድ ነው። የሆቴል እንግዳ ደግሞ ያድራል እንጂ አይኖርም። ሽንኩርት አይገዛም፤ ልጅ ትምህርት ቤት አያደርስም።

ቦታን ቅይጥ የሚያደርገው ሰዓቱ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው መክፈት አለበት፤ ሁሉም ሲዘጋ ደግሞ እዚያው የሚተኛ ሰው መኖር አለበት። መኖሪያ የሌለበትን ቦታ እኔ ቅይጥ አልለውም።

«ታዲያ መጠጥ ቤት ከመኝታ ቤት ጋር ልንደባልቅ ነው?» የሚሉም አሉ። ስፕሪስ እኮ አብሮ አይፈጭም። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው በየተራ ይደረደራል፤ ቀለሙም ይለያል። ነዋሪው የራሱ መግቢያና ደረጃ ይኑረው። ወፍራሙ ከታች ካልሆነ ግን የላዩ ይሰምጣል። ያ ወፍራም፣ መንገዱን የሚነካው ወለል ነው። አንድ ትልቅ ሾሩም በመስታወት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከያዘው አለቀ። ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ ያስፈልጋል፤ ብዙ ትንንሽ በር። እነሱ ደግሞ የባንክ ኪራይ አይችሉም። ይሄ ከዲዛይኑ በፊት ካልታሰበ በኋላ አይመጣም።

የሙያዬ ነገር ሆኖ ሳልናገረው የማላልፈው አለ። ሱቅ የሚፈልገው የኮለን (ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ) ርቀትና መኖሪያ ቤት የሚፈልገው አይገጥምም። የምግብ ቤት ጭስ ማውጫ እስከ ጣሪያ መድረስ ያለበት ገና ፕላኑ ላይ ነው፤ አለበለዚያ ሦስተኛ ፎቅ ያለች እናት ልብስ ማስጣት አትችልም። ሊዙም አለ፦ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለንግድ 60 ዓመት ነበር ያስቀመጠው። የቦታው አገልግሎት በውሉ እንዴት እንደተጻፈ አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ደግሞ ከውጭ የመጣ ፋሽን አድርገን አንየው። አራዳ ላይ የአርመንና የህንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው ቤቶች ታች ሱቅ፣ ላይ የእንጨት ሰገነት ያለው መኖሪያ ነበሩ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ደረጃውን ይወጣል፤ ከላይ የሚበራው መብራት መንገዱ ላይ ይወርዳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ሰፊ ሰፈር ሲፈርስ እኔን የቆጨኝ ጣሪያና ግድግዳው ብቻ አይደለም። ማታ እዚያ የሚገባው ሰው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ «ቅይጥ» ተብሎ የተሠራ አንድ ሕንፃ ሥር ቆሜ መብራት የበራባቸውን መስኮቶች ቆጠርኩ። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ውስጥ ጽዳት ሠራተኞች ወለል ይወለውላሉ፤ ሦስተኛው የጥበቃው ክፍል ነው። ጥበቃውን ዳቦ ከየት እንደሚገዛ ጠየቅኩት።

«እዚህ የለም» አለኝ፤ «ከቤቴ ይዤ ነው የምመጣው።»