የኮራ ቤተ ክርስቲያን (ካሪዬ መስጊድ)

በኢስታንቡል፣ ኤዲርኔካፒ በተባለው ሰፈር፣ ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ገባ ብሎ የቆመው የኮራ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ካሪዬ መስጊድ ይባላል። በዚያው ከተማ ካለው ከታላቁ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ከአያ ሶፊያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በሥዕል ሀብቱ ግን በከተማዋ ካሉት የቢዛንታይን ሕንፃዎች የሚስተካከለው የለም።

የሕንፃው ዋና አካል የ11ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ ዝናው የመጣው በቴዎዶር ሜቶኪቴስ ነው። ይህ የቢዛንታይን ንጉሥ የአጼ አንድሮኒቆስ 2ኛ ባለሟልና ሊቅ ከእ.ኤ.አ. 1315 እስከ 1321 ገደማ ቤተ ክርስቲያኑን አሳድሶ በሥዕል አስጌጠው። ራሱም ትልቅ ቆብ ደፍቶ፣ ተንበርክኮ የሕንፃውን አምሳያ ለክርስቶስ ሲያቀርብ ከበሩ በላይ ይታያል። በ1328 ንጉሡ ከዙፋን ሲወርድ እሱም ተጋዘ፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ወደሚገኝበት ገዳም ተመልሶ በ1332 አረፈ።

በመግቢያ ክፍሎቹ ጣሪያና ግድግዳ ላይ የኢያቄምና የሐና ታሪክ፣ የእመቤታችን ልደትና ወደ ቤተ መቅደስ መግባቷ በሞዛይክ (በትናንሽ ባለ ቀለም ድንጋይና መስታወት ገጥሞ በሚሠራ ሥዕል) ተሥሏል። የልደታንና የበዓታን ታሪክ እየሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የግሪኩን ጽሑፍ ባያነብም ሥዕሎቹን መከተል አይከብደውም። ከሁሉ የሚልቀው ግን ለመቃብር በተሠራው የጎን ክፍል ያለው የትንሣኤ ሥዕል ነው። ነጭ የለበሰው ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከመቃብር ሲያወጣቸው፣ ከእግሩ ሥር የሲኦል በሮች ተሰባብረው፣ ቁልፎቹ ተበታትነው፣ ሰይጣንም ታስሮ ይታያል። ኃይሉ በአካላቱ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው፤ ከዘመኑ ሥዕሎች ይህን ያህል ሕይወት ያለው ጥቂት ነው።

ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) በ1453 በኦቶማኖች ከተያዘች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ የሱልጣን ባየዚድ 2ኛ ቪዚር (ሚኒስትር) አቲክ አሊ ፓሻ ሕንፃውን ወደ መስጊድ ለወጠው። ሚናራ ተጨመረለት፤ በመቅደሱ በኩል ሚህራብ (የመካን አቅጣጫ የሚያመለክት የግድግዳ ጎድጓዳ) ተሠራ። ሥዕሎቹ በኖራና በእንጨት ተሸፈኑ። የመሬት መንቀጥቀጥና እርጥበትም ጉዳት አደረሱባቸው፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ ተርፈዋል።

በ1945 ሙዚየም እንዲሆን ተወሰነ። ከ1948 ጀምሮ ቶማስ ዊትሞርና ፖል አንደርዉድ የመሩት የአሜሪካ ባለሙያዎች ቡድን ሽፋኑን በጥንቃቄ እያነሳ ሥዕሎቹን አጸዳ፤ በ1958 ለጎብኚ ተከፈተ። የቱርክ መንግሥት በ2020 እንደገና መስጊድ እንዲሆን ወሰነ፤ ጸሎቱም በሜይ 2024 ተጀመረ። በጸሎት አዳራሹ ያለው የእመቤታችን ዕረፍት ሞዛይክ ከምዕራቡ በር በላይ ስለሆነ ከሰጋጆች ጀርባ ይውላል። የውጭ ጎብኚዎች ቲኬት ቆርጠው ከሰላት ሰዓት ውጭ መግባት ይችላሉ።