ከጅባራ እስከ አደይ አበባ፦ ተፈጥሮን ፎቶ ስናነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ ተራራና አበባ ፎቶ የሚነገረው ምክር አብዛኛው የተቀመረው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርሃን ነው። እንዳለ ይዘነው ስሜን ተራሮች ላይ ስንወጣ ግማሹ አይሠራም። ቀሪው ደግሞ የትም ቢሆን ስህተት ነው።

«ወርቃማው ብርሃን አንድ ሰዓት ይቆያል»

ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች የሚታየው ይህ ለስላሳ ብርሃን እኛ ጋ ያን ያህል አይቆይም። ስሜን ከምድር ወገብ የሚርቀው 13 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ወርቃማው ብርሃን እስኪያልፍ፣ ማለትም ከአድማስ 6 ዲግሪ ከፍ ለማለት 25 ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። ጎህ ሲቀድ ትራይፖዱ (የካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ተተክሎ፣ ፎከሱ ተስተካክሎ ማለቅ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። የስሜን ትልቁ ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር የገደሉ ፊት ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል ማለት ይቻላል። በመስከረም አጋማሽ ግን ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ በቀጥታ ነው፤ ወደ ፊት የወጡትን አፋፎች በጎን በኩል እየዳበሰች ስንጥቃቸውን ሁሉ ታወጣዋለች።

«በጋ እስከሆነ ድረስ የትኛውም ወር ያው ነው»

አይደለም። ክረምቱ አየሩን አጥቦ የሚሄደው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ላለው ጊዜ ነው። ከጥር ወዲያ አቧራውና ጭሱ ሩቁን ተራራ ያገረጣዋል። ያኔ ሩቁን ትቶ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት፣ የአስታ ዛፍ ቅርፊትን፣ የጓሳ ሣርን ማንሳት ይሻላል።

«አፐርቸሩን ኤፍ 22 ካደረግነው ሁሉም ነገር ጥርት ይላል»

ይህኛው ብዙ ፎቶ አበላሽቷል። አፐርቸር ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ በጠርዙ ሲያልፍ ይበተናል፤ ምስሉም ዳር እስከ ዳር ይለሰልሳል። ረጅሙን የደጋ ተክል ጅባራን ከፊት፣ ተራራውን ከኋላ አድርገን በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራና በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስናነሳ ኤፍ 11 ይበቃል። ፎከሱን 1.8 ሜትር ላይ ብናደርገው ከ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ጥርት ብሎ ይታያል። ፎከሱን ተራራው ላይ አድርጎ ኤፍ 22 የሚጠቀም ሰው ግን ተራራውንም ሳይቀር ያለሰልሳል።

በማክሮ፣ ማለትም ትናንሽ ነገሮችን ከቅርብ ስናነሳ፣ ነገሩ ይብሳል። አንድ ለአንድ በሆነ መጠን (ነገሩ ሴንሰሩ ላይ በራሱ ልክ ሲያርፍ)፣ በኤፍ 11 ጥርት የሚለው ጥልቀት 1.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከአበባው ወይም ከነፍሳቱ ጎን ጋር ትይዩ ማድረግ ቀዳዳውን ከማጥበብ ይልቅ ይጠቅማል።

«አደይ አበባ ደማቅ ስለሆነ ማንም ያነሳዋል»

ማንም ያነሳዋል፤ ቢጫ ወረቀት መስሎ ይወጣል እንጂ። ካሜራው ዙሪያውን ያለውን ጥቁር አረንጓዴ ሣር አይቶ ብርሃኑን ከፍ ያደርጋል፤ የአበባው ቀይ ቻናል ግን ቀድሞ ሞልቷል (ቢጫ በካሜራው ውስጥ የቀይና የአረንጓዴ ድምር ነው)። በአበባው ቅጠሎች ላይ የተዘረጉት ቀጫጭን መስመሮች ይጠፋሉ። ነጩ ሂስቶግራም (በካሜራው ላይ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ይህን አያሳይም፤ የሦስቱን ቀለማት ግራፍ ከፍቶ ቀዩን መመልከት ነው። የቀኝ ጠርዙን ከነካ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ዝቅ ማድረግ (1 ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)፣ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ማንሳት።

ፀሐዩ ካየለ ነጭ ነጠላ በአበባውና በፀሐዩ መካከል ወጠር አድርጎ መያዝ ጥላውን ያለዝበዋል። ጥላው ከአበባው ጀርባ ያለውንም ይሸፍን፤ ካልሸፈነ ጀርባው ከአበባው በልጦ ያበራል።

«ትራይፖድ ካለ ፎቶ አይደበዝዝም»

ትራይፖድ የሚያቆመው ካሜራውን ነው፤ አበባውን አይደለም። የአደይ ግንድ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ወደ 1/500 ሰከንድ ማፍጠን፣ ለዚያም አይ.ኤስ.ኦ.ውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 1600 መጨመር አያስፈራም፤ ከዚህ የሚመጣው ነጠብጣብ በኋላ ይጸዳል፣ የተወዛወዘ አበባ ግን አይመለስም። ከፍሬሙ ውጭ እንጨት ተክሎ ግንዱን በልብስ መቆንጠጫ ላላ አድርጎ ማስደገፍም ያስኬዳል።

«ፖላራይዘር ሁልጊዜ ይደረግ»

ሌንሱ ፊት የሚገባው ይህ ማጣሪያ ለረጠበ ቅጠል ግሩም ነው፤ ነጸብራቁን ያነሳለታል። በሰፊ ሌንስ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን የሰማዩ አንድ ጎን ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ገርጣ ያለ ይሆናል። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃንም ይበላል።

«ጭጋግ ውስጥ ካሜራው የሚለው ልክ ነው»

ነጩን ወደ ግራጫ ይጎትተዋል። ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ መጨመር ይበቃል።

«ብርድ የሚጎዳው ባትሪን ብቻ ነው»

ባትሪውን ኪስ ውስጥ ማሞቅ ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው መመለሻው ነው፦ ከውርጭ የመጣ ካሜራ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ላብ ያወጣል፣ እርጥበቱም ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ከመግባታችን በፊት ውጭ እንዳለን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ አፉን ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከገቡም በኋላ እስኪሞቅ ድረስ አለመፍታት። ሚሞሪ ካርዱንም ቢሆን ከማሰር በፊት ማውጣት ነው፤ ፎቶዬን ልይ ብሎ ቶሎ የሚፈታው ሰው ብዙ ነውና።